«ፍቅረኛ አለችህ?» ብዬ የጠየቅሁበት ሌሊት

በዋሽንግተን ዲሲ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበርኩ። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ግድም፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኝ አንድ ኢትዮጵያዊ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና በደረቱ ላይ የወጣ ሽፍታ ይዞት መጣ። ማንነቱን ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ሁሉ ለውጬ ነው የምጽፈው። አማርኛ ስናገር ሲሰማ ፊቱ በራ፤ «ሲስተር፣ እንኳን አንቺን አገኘሁ» አለኝ። እኔም የአገሬን ሰው በአገሬ ቋንቋ የማስተናግድበት አጋጣሚ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ የማይስማማው ነገር እንዳለ በዝርዝር ጠየቅሁት። ከዚያም ስለ ግል ሕይወቱ ወደሚጠይቀው የቅጹ ክፍል ደረስኩና «አግብተሃል? ፍቅረኛ አለችህ?» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለከተና «የለችኝም» አለ። «በአሁኑ ጊዜ የወሲብ ግንኙነት የለውም» ብዬ መዝግቤ አለፍኩ። ሐኪሙም የጻፍኩትን አንብቦ፣ በራሱ የሚድን የቫይረስ ሕመም ይሆናል በሚል ግምት የትኩሳት መድኃኒት አዝዞ አሰናበተው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽፍታው ወደ መዳፉና ወደ ውስጥ እግሩ ተዛምቶ ተመለሰ። በዚያን ሌሊት የተቀበለችው ሌላ ነርስ ነበረች። ማንኛውንም ታካሚ እንደምትጠይቀው አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ የወሲብ ጓደኞቹ ወንዶች፣ ሴቶች ወይስ ሁለቱም እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ወንዶች መሆናቸውን ነገራት። ወዲያው የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ታዘዘለት፤ ቂጥኝ ሆኖ ተገኘና የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋ። በገዛ ቋንቋው ያላገኘውን ሕክምና በሰው ቋንቋ አገኘ ማለት ነው።

ያን ጥያቄዬን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ስሕተቱ በአንዲት ፊደል ላይ ነው። «ፍቅረኛ አለህ?» ብዬ ቢሆን ኖሮ አነጋገሩ የትኛውንም መልስ ሊቀበል ይችል ነበር፤ «አለችህ» ስል ግን ሊመልስልኝ የሚገባውን እኔው ወስኜለት፣ ለእሱ የተረፈው «አዎ» ወይም «የለችኝም» ማለት ብቻ ሆነ። አልዋሸኝም። የጠየቅሁትን በትክክል መልሶልኛል፤ ያልጠየቅሁትን ደግሞ ደፍሮ እንዲነግረኝ የሚያደርግ ምንም ነገር አላሳየሁትም። ስለ ወሲብ ግንኙነቱ እኮ ጨርሶ አልጠየቅሁትም፤ ከ«የለችኝም» ተነሥቼ የጻፍኩት የራሴን ግምት ነው። በተወለደባት አገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል፤ ቤተሰብ፣ ሰፈርና የእምነት ተቋም ደግሞ ከሕጉ ይበልጥ ያስፈራሉ። እንዲህ ባለ አካባቢ ያደገ ሰው ዝምታን እንደ መከላከያ ይዞ ስለሚኖር፣ ዝምታውን የሚያስጥለው ጥያቄውን የሚያቀርበው ባለሙያ አጠያየቅ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ልጻፍና፣ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ሕግ፣ በከተማዋ የሙያ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ሲያድስ ከሚወስደው ተከታታይ ትምህርት ውስጥ 2 ክሬዲት የሚሆነው ስለ ኤልጂቢቲ ታካሚዎች እንዲሆን ያስገድዳል። በዚህ ስም የሚጠሩት ሴት ወዳድ ሴቶች፣ ወንድ ወዳድ ወንዶች፣ ለሁለቱም ጾታዎች ፍቅር የሚያድርባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ሲወለዱ የተመዘገበላቸው ጾታና ራሳቸውን የሚያውቁበት ጾታ የማይገጥሙ ትራንስጀንደር ሰዎች ናቸው። ሕጉ ስለ በሽታ ተጋላጭነት ብቻ እንድንማር አይደለም የሚጠይቀው፤ መረጃን እንዴት መሰብሰብና በምስጢር መያዝ እንደሚገባ፣ ሕጋዊ ግዴታችን እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ በእንግዳ መቀበያና በመዝገብ ክፍል የሚሠሩትም እንዴት መሠልጠን እንዳለባቸው ይመለከታል። እውነቱን ለመናገር፣ ማሳሰቢያው በኢሜይል የደረሰኝ ዕለት ሁለት ሰዓት በከንቱ ሊያልፍብኝ ነው ብዬ ነበር። ያ የሽፍታው ታካሚ ትዝ ያለኝ ሥልጠናው ላይ ተቀምጬ፣ አሠልጣኟ «ባለፈው ሳምንት ያገኛችሁትን ታካሚ ስለ ፍቅር ሕይወቱ በምን ቃል እንደጠየቃችሁት ቃል በቃል ጻፉ» ስትለን ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ሳየው እጄ ላይ ላብ መጣ።

ዶክተሮቹም ቢሆኑ ከእኛ የተሻለ አልተማሩም። በ2011 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ኃላፊዎች ጠይቆ፣ በጠቅላላው የሕክምና ትምህርት ዘመን ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ጊዜ መካከለኛ መጠኑ 5 ሰዓት ብቻ መሆኑን አረጋግጧል። ተማሪዎች በሆስፒታል ውስጥ ከታካሚ ጋር በሚገናኙባቸው ዓመታት ደግሞ ከሦስት ትምህርት ቤቶች አንዱ አንድም ሰዓት አልመደበም ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ሐኪሞች ሊኖራቸው የሚገባውን ችሎታ ዘርዝሮ መመሪያ ያወጣው በ2014 ነው። ብዙ ሐኪሞች ከዚያ በፊት የተመረቁ በመሆናቸው ያልተማሩትን በሥራ ላይ መማር አለባቸው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚያስተምራቸው ብዙ ጊዜ ታካሚው ራሱ ይሆናል። በ2015 በአሜሪካ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀደመው ዓመት ሐኪም ካዩት መካከል 33 በመቶው ትራንስጀንደር በመሆናቸው ምክንያት ቢያንስ አንድ መጥፎ ነገር እንደገጠማቸው፣ ከተሳታፊዎቹ 23 በመቶው ደግሞ ሕክምና አስፈልጓቸው ሳለ እንጎሳቆላለን ብለው ፈርተው እንደቀሩ ተናግረዋል። የቀረ ታካሚ በእኛ መዝገብ ላይ አይታይም፤ እኛም ችግር የለም ብለን እንቀመጣለን።

በዚህች ከተማ ይህ ነገር ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታይራ ሀንተር የ24 ዓመት ፀጉር ሠሪ፣ ትራንስጀንደር ሴት ነበረች። ኦገስት 7 ቀን 1995 በደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን የመኪና አደጋ ደረሰባት። ሊረዳት የመጣው የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ ልብሷን ሲቀድ የአካሏን ሁኔታ አይቶ እጁን ሰብስቦ እንደተነሣና የንቀት ቃል እንደተናገረ በቦታው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ሆስፒታል ከደረሰች በኋላም ተገቢው ሕክምና ሳይደረግላት ሞተች። እናቷ ከተማዋን ከሰሰች፤ በ1998 ዳኞቹ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ፈረዱላት። አሠልጣኟ ይህን ታሪክ ስትነግረን በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን ዝም አልን። እኔ ያሰብኩት ስለዚያ ሠራተኛ ነው። ደም እንዴት እንደሚቆም፣ የመተንፈሻ ቧንቧ እንዴት እንደሚከፈት የሠለጠነ ሰው ነው። ባየው ነገር ደንግጦ ወይም ተጸይፎ በቆመባት ደቂቃ እጁ ሥራውን እንዲቀጥል ግን ማንም አላለማመደውም። የሥልጠና ትርጉም የገባኝ እዚያ ላይ ነው፤ ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው አስቀድሞ የተለማመደውን ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ታሪክ ከክፋት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ለዚህም ይመስለኛል እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ። በ2019 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ እንደተዘገበው፣ አንድ የ32 ዓመት ሰው በከባድ የሆድ ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። መዝገቡ ላይ «ወንድ» ተብሎ ተጽፏል። ትራንስጀንደር መሆኑንና ቤት ውስጥ ያደረገው የእርግዝና ምርመራ እርግዝና እንዳለ ማሳየቱን ለነርሷ ይነግራታል። ነርሷ ወፍራም የሆነ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ወንድ ታያትና ጉዳዩ አይቸኩልም ብላ መደበችው። ከብዙ ሰዓት በኋላ ሐኪም ሲመረምረው ምጥ ላይ ነበር፤ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላባረረውም። ነርሷ ሰምታዋለች፤ የሰማችውን የምታስቀምጥበት ቦታ ግን በአእምሮዋ አልነበረም። አንዲት ሴት ያንኑ ቃል ብትናገር ኖሮ በደቂቃ ውስጥ የማዋለጃ ክፍል ባለሙያዎች ይጠሩ ነበር። ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም ታካሚዎችን በሕመማቸው አጣዳፊነት በምንለይበት ቦታ፣ ለዓመታት የቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳነብ እኔስ ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ከሥልጠናው በፊት ቢሆን ኖሮ ከእሷ የተለየ ነገር አደርግ ነበር ብዬ መናገር አልችልም።

ለዚህ ነው ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ መጠየቅ የሚመከረው፤ ራስዎን በየትኛው ጾታ ይገልጻሉ፣ ሲወለዱ የተመዘገበው ጾታስ የትኛው ነው። ከመልሱ በመነሣት በሰውነቱ ውስጥ ያሉትን አካላት እናስባለን። የማኅፀን በር ያለው ሰው ጢም ቢኖረውም የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን መውሰድ የወር አበባን ቢያስቀርም እርግዝናን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይከላከልም። ከሴት ጋር ብቻ የምትኖር ሴት የማኅፀን በር ምርመራ አያስፈልጋትም የሚለው አባባል እኔም በልጅነት ሙያዬ የሰማሁት ስሕተት ነው፤ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ በሴቶች መካከልም ይተላለፋል። ከወንድ ጋር ግንኙነት ላለው ወንድ ደግሞ የጉሮሮና የፊንጢጣ ናሙና ካልተወሰደ ሽንቱን ብቻ መርምሮ ነፃ ነህ ማለት ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽኑን ሳያገኙ መቅረት ነው። ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከለው ክኒን ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ባለሙያው ካልጠየቀ ታካሚው ስለ መኖሩ እንኳ ላይሰማ ይችላል። ይህ ሁሉ ተራ የሕክምና ዕውቀት ነው፤ እንደ ስኳር በሽታና እንደ ደም ግፊት ሊጠና የሚችል።

ባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት መከራከሪያ «ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ ይቆጣል» የሚል ነው። በ2017 የታተመ ጥናት የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎችንና ታካሚዎችን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። ከባለሙያዎቹ 78 በመቶው ታካሚዎች ስለ ፍቅር ዝንባሌያቸው ለመናገር እምቢ ይላሉ ብለው አምነዋል፤ እምቢ እንላለን ያሉት ታካሚዎች ግን 10 በመቶ ያህል ናቸው። ፍርሃቱ በአብዛኛው የእኛ የባለሙያዎቹ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ በአማርኛ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እሱ ነውና። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ አማርኛ ተናጋሪ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የቤት ለቤት ተንከባካቢዎችና አስተርጓሚዎች ቁጥራችን ብዙ ነው። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሥልጠናዎቹ ግን የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተማርነውን በአማርኛ ስንናገረው ምን እንደሚመስል ማንም አላስተማረንም። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «አንቺ» አይለይም፤ እኛ ግን ግሡ ሳይቀር ጾታ ይመርጣል። «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ሳንል አንድ ሰው እንኳን ደህና መጣህ ማለት አንችልም። ታዲያ ትራንስጀንደር የሆነ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ በመጀመሪያዋ ሰላምታ ላይ ልንሳሳት እንችላለን።

መፍትሔውን ያገኘሁት አያቶቻችን ባቆዩልን አክብሮት ውስጥ ነው። «እርስዎ» ጾታ የለውም። «እንዴት አደሩ? ምን አመመዎት? ማን ብዬ ልጥራዎት?» ስል አንድም ስሕተት ሳልሠራ፣ ታካሚውም እንደተከበረ ይሰማዋል። ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ ለሐኪም ስናገርም «እሳቸው» የሚለው ቃል አለልኝ። ስለ ቤተሰብ ስጠይቅ ደግሞ «ባለቤት» የሚለውን ቃል እናገኘዋለን፤ ባልም ሚስትም የሚጠራበት በመሆኑ «ባለቤት ወይም የቅርብ ጓደኛ አለዎት? እንድናማክርልዎ የሚፈልጉት ሰው ማን ነው?» ማለት ይቻላል። ወጣት ታካሚ «አንቱ» ሲባል አንዳንዴ ይደነግጣል፤ እኔ «እዚህ ሁሉንም እንዲህ ነው የምናስተናግደው» እላለሁ፤ ይበቃል። ዋናውን ጥያቄ ደግሞ እንዲህ አድርጌ መጠየቅ ለምጃለሁ፦ «አሁን የምጠይቅዎትን ሁሉንም ታካሚ ነው የምጠይቀው፤ የትኛውን ምርመራ እንደምናደርግ ለማወቅ ይረዳናል። ግንኙነት የሚያደርጉት ከወንድ፣ ከሴት ወይስ ከሁለቱም ጋር ነው?» መጀመሪያ ላይ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ ተለማምጄዋለሁ። አፍ የሚፈታው በልምምድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአስተርጓሚዎች ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ሐኪሟ ይህንኑ ጥያቄ ለአንዲት በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ስትጠይቅ፣ በስልክ ያለው አስተርጓሚ «ዶክተሯ ባል አለሽ ወይ እያሉ ነው» ብሎ አስተላለፈ። ታካሚዋ «ፈትቻለሁ» አለች። አስተርጓሚው ለሐኪሟ «ከማንም ጋር ግንኙነት የላትም» አላት። ሐኪሟ ጥያቄዋ የተመለሰ መስሏት መጻፍ ጀመረች። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ አቋርጬ ጥያቄው እንዳልተጠየቀ ተናገርኩ። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእናቱ እኩያ የምትሆን ሴት ይህን መጠየቅ ነውር ሆኖበት ነው። ነገር ግን የአስተርጓሚ ሥነ ምግባር የተባለውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማስተላለፍ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ከነውሩ የተጠበቀው እሱ ሲሆን ዋጋውን የምትከፍለው ታካሚዋ ልትሆን ትችል ነበር። ሌላው ችግር ደግሞ ከዚህ የሚብሰው ነው፤ ጥያቄውን የሚያስተላልፉ አንዳንዶች «ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። ቃሉ ገና ሲነገር ፍርድ ይዞ ስለሚመጣ፣ እንደዚያ የተጠየቀ ሰው ምርመራ እየተደረገለት ሳይሆን ችሎት ፊት የቆመ ይመስለዋል።

አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም የሚሉኝ አሉ። ነርስ ስማር የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይልም። ስለ ኤችአይቪ በአገራችን መጀመሪያ የተነገረባቸው ቃላት ሰውን የሚያርቁ ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ግን የጤና ባለሙያዎችና ቫይረሱ ያለባቸው ወገኖች ራሳቸው ባደረጉት ጥረት «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች» የሚለው አነጋገር በሬዲዮና በጤና ጣቢያ ተለመደ። ኮንዶም የሚለውን ቃል በእናቶች ፊት ማንሣት የማይታሰብ ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረውታል። ያን ጊዜ የቻለ ቋንቋና የቻለ ሙያ ዛሬ «ለተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያለው ሰው» ብሎ ለመናገር የሚያቅተው አይመስለኝም።

ስለ ምስጢር ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። ሌሊት ያከምኩትን ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጀራ ስገዛ ላገኘው እችላለሁ። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ታካሚ «ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ አልፈልግም» ቢል ቅር ሊለን አይገባም፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳም አንጠይቀው። ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንፈልግለት፣ ወይም እንግሊዝኛው የሚበቃው ከሆነ በእንግሊዝኛ እንነጋገር። በ1996 የወጣው የጤና መረጃ ሕግ ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ የጣለብን ቢሆንም፣ ታካሚው የሚያየው ሕጉን ሳይሆን እኔን ነው፤ ቡና ላይ ስቀመጥ የምናገረውን ያስባል። እናቱን፣ ወንድሙን ወይም አብሮት የመጣውን ዘመድ ለማስተርጎም መጠቀምማ ጨርሶ መቅረት አለበት።

በየእሑዱ የማስቀድስ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቼም እምነታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ናቸው። «ይህ ሥልጠና ሃይማኖታችንን ሊያስጥለን ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በወሰድኩት ሥልጠና ውስጥ ስለ እምነቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ የተጠየቅሁት ስለ ሥራዬ ነው። የጠየቅሁት ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ሊያመጣ ይችላል ወይ፣ ያዘዝነው ምርመራ ከታካሚው ሰውነት ጋር ይገጥማል ወይ፣ ታካሚው ነገ ተመልሶ ይመጣል ወይ። አንዲት የማከብራት ታላቅ እህቴ የምላት ነርስ «እኔ ግን ፊቴ ላይ ይታያል፣ መደበቅ አልችልም» ብላኝ ነበር። ይህን በግልጽ በመናገሯ አመሰግናታለሁ፤ ምክንያቱም ፊትን መግዛት የሚማሩት ሙያ ነው። የተቃጠለ ሰው፣ የሸተተ ቁስል፣ ትል ያፈራ እግር ስናይ ፊታችን እንዳይለወጥ ያስተማሩን መምህሮቻችን ነበሩ፤ ሰው በሰውነቱ ስላፈረ ከእኛ እንዳይሸሽ። ዛሬ እንደ ታካሚ ሆኖ እየተወነ ፊት ለፊት ተቀምጦ ልምምድ የሚሰጥ አሠልጣኝ ሲገኝ እሷም እንደ እኔ ደጋግማ ተለማምዳለች።

በዕድሜ የገፉትን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሣ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ማሳየትን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በ1990። ዛሬ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሆነ ሰው ወጣት ሳለ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ምስጢሩን ቢናገር፣ «ሕክምና» ተብሎ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደረግበት ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ የምትመጣ ተንከባካቢ በር ስታንኳኳ ከግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ቢያወርድ አይገርመኝም። አርባ ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው «ወንድሜ ነው» ብሎ ያስተዋውቃል። የኛ አገር ሴቶች በብዛት የተሠማሩበት ሥራ ይህ የቤት ለቤት እንክብካቤ በመሆኑ፣ ሥልጠናው እነሱ ዘንድ በአማርኛ ቢደርስ ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ማን እንዲጠይቀው የመወሰን መብት የታካሚው መሆኑ በፌዴራል ደንብ የተረጋገጠው በጃንዋሪ 2011 ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ይህን የሚያስከብረው የተንከባካቢዋ ጠባይ ነው።

ሥልጠናው ጉድለት የለበትም አልልም። በኮምፒውተር የሚሰጠውን ገጽ ገጹን እየተጫኑ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች መልሰው የምስክር ወረቀት የሚያወጡ አውቃለሁ፤ በሁለተኛው እድሳቴ እኔም በድካም ምክንያት እንደዚያው አድርጌያለሁ፤ ምንም አልቀረብኝም፣ ምንም አልጨመረልኝም። ሥልጠናዎችን የሚመዝኑ ጥናቶች በአብዛኛው የሚለኩት ከትምህርቱ በፊትና ወዲያው በኋላ ያለውን ዕውቀት ነው፤ ከዓመት በኋላ ታካሚው ፊት ምን እንደሚደረግ የሚከታተሉት ጥቂት ናቸው። ሕክምና የሚሰጠው ሁሉ ሠልጥኖ መዝገብ ክፍል ያለችው ልጅ አንዲት ትራንስጀንደር ታካሚን በመጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ በማትጠራበት ስም ጮክ ብላ ብትጠራት ደግሞ፣ ታካሚዋ እኛ ዘንድ ሳትደርስ ተነሥታ ትሄዳለች። በ2025 መጀመሪያ ላይ የፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤቶች ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸውን በርካታ የኢንተርኔት ገጾች አንሥተው፣ ከተነሡት ብዙዎቹ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲመለሱ ተመልክተናል። በእነዚያ ቀናት የሥራ ባልደረቦቼ መመሪያዎችን በወረቀት አትመው በመሳቢያ ሲያስቀምጡ አየሁ፤ ያ ነገር ልቤን ነካው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም መጣ፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም። አማርኛ ስናገር ሰማኝና እንደዚያኛው ፊቱ አልበራም፤ ይልቁንም ዓይኑን ሰበረ። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ወንበሩን ሳብኩና ከእሱ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁሉንም የምጠይቀው መሆኑን ነግሬ ጥያቄውን በአማርኛ ጠየቅሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሲስተር፣ የምትጽፊውን ማን ያየዋል?» አለኝ። ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞርኩና የሚከፈተውን ገጽ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ እንዴት እንደምጽፈው አሳየሁት፤ እንዳይጻፍ የሚፈልገው ነገር ካለም ለሐኪሟ በቃል እንደምነግራት ነገርኩት። ገጹን በጣቱ እየተከተለ ቃል በቃል አነበበው። ሲጨርስ «ከወንድ ጋር ነው» አለ፤ በአማርኛ። ደም ቀዳሁለት፣ የጉሮሮ ናሙና ወሰድኩ፣ ሐኪሟንም ጠራኋት።